«የወሊድ ነው» እየተባለ የሚታለፍ ሕመም

ደሴ ውስጥ አንዲት ሴት ከወለደች ከወራት በኋላም ስታስል ወይም ስትስቅ ሽንት እንደሚያመልጣት ለምታምናት ጎረቤቷ ብትነግር፣ የምታገኘውን መልስ ከወዲሁ መገመት ይቻላል። «አብሽሪ፣ የወሊድ ነው፤ የማን ደህና ሆነና!» ትባላለች። ወገቧ አላስነሣ ቢላትም መልሱ ያው ነው። ከታች የሆነ ነገር የወረደ ያህል ከብዷት መቀመጥ ቢያቅታትም ያው ነው። የቡናው በረካ ሳይቀዳ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል፤ እሷም ሁለተኛ አታነሣውም።

መልሱ ከክፋት አልመጣም። አጽናኟ ራሷ ደጋግማ ወልዳ፣ ያንኑ እየተባለች የኖረች ናት። ግን በቅን ልብ የተነገረ ስሕተትም ስሕተት ነው። ይሄኛው ደግሞ ከረከቦቱ ዙሪያ አልፎ በጤና ተቋሞቻችን ውስጥ ነጭ ጋወን ለብሶ የሚዞር ስሕተት ሆኗል። እናቲቱ በሕይወት ወጣች፣ ሕፃኑ አለቀሰ፣ ደሙ ቆመ፤ በቃ፣ ሥራው አለቀ ይባላል። የተለጠጠውን ጡንቻና የላላውን መገጣጠሚያ ጊዜ ይመልሰዋል ተብሎ ይታመናል። ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ፊዚዮቴራፒ ያስፈልጋል የሚል ሰው ሲመጣ ብዙዎች ፈገግ ይላሉ፤ የቦሌ ሀብታሞች ወይም የፈረንጅ ሴቶች ጨዋታ ይመስላቸዋል።

እኔ ደግሞ ይህ ሕክምና ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለድሃዋ ነው እላለሁ። ተሸክማ ለምታድር፣ ጎንበስ ብላ ለምትውል፣ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ብር መበደር ላለባት ሴት ነው የሚያስፈልገው። ባለጠጋዋማ ሲብስባት አዲስ አበባ ሄዳ ትታከማለች።

ደሴ ፊዚዮቴራፒን አታውቀውም እንዳይባል፣ በቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ሲደገፍ የኖረ የአካል ተሃድሶ ማዕከል ያለባት ከተማ ናት። ሰው ሠራሽ እግር የተገጠመለት፣ በክራንች መራመድን እንደገና የሚማር ሰው ለደሴ ሰው እንግዳ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ሁለተኛ አጋማሽ እስከ ኅዳር 27 ከተማዋ በጦርነቱ ተይዛ፣ ሆስፒታሏ ተዘርፎ ከቆየች ወዲህማ የቆሰለ እጅና እግር ካልተንቀሳቀሰ እንደሚደርቅ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። እግሩ ከጀሶ የወጣ ልጅ ካልተለማመደበት ጡንቻው እንደሚሰልል እናቱ ሳትማር ታውቃለች። «ተነሥ፣ ተራመድ» እያለች የምትጨቀጭቀው እሷው ናት። የራሷ አካል ላይ ሲደርስ ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት ይጠፋል። ዘጠኝ ወር የተለጠጠ፣ በምጥ የተወጠረ፣ አንዳንዴም የተቀደደና የተሰፋ ጡንቻ ራሱን በራሱ ያድሳል ተብሎ ይፈረዳል። ልዩነቱ የሳይንስ አይደለም። የተሰበረ እግር መንገድ ላይ ይታያል፤ ይሄኛው በቀሚስ ተሸፍኗል።

ነገሩን በግልጽ እናስቀምጠው። ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ኋላ ጭራ አጥንት ድረስ፣ እንደ አልጋ ጠፍር የተወጠሩ ጡንቻዎች አሉ። ፊኛን፣ ማሕፀንንና የአንጀትን ጫፍ ከሥር ደግፈው የያዙት እነሱ ናቸው። ባለሙያዎች የዳሌ ወለል ጡንቻ ይሏቸዋል። ሽንት መንገድ ላይ የመጣባት ሴት ቤት እስክትደርስ ይዛ የምትቆየው በእነሱ ነው። እርግዝና ሲገፋ ክብደቱ ሁሉ እነሱ ላይ ያርፋል፤ በወሊድ ጊዜ ደግሞ ሕፃኑ እነሱን ከፍቶ ያልፋል። ጠፍሩ ሲላላ ሽንት ያመልጣል፣ ፈስ አልያዝ ይላል፣ ማሕፀን ወይም የፊኛው ግድግዳ ወደ ታች ይንሸራተታል። ከፊት ያለው የሆድ ጡንቻም መሐሉ ይለያያል፤ ወገብ ድጋፉን ያጣል።

መልካሙ ዜና ጡንቻ ጡንቻ መሆኑ ነው። ይሠለጥናል። አሜሪካዊው የማሕፀን ሐኪም አርኖልድ ኬገል ስለዚህ ሥልጠና የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ አዲስ ፋሽን ነው የሚለው ወሬ ቢያንስ በዚህ ይውደቅ። ሥልጠናውም እንዲህ ነው። ሽንትንና ጋዝን ለመያዝ እንደሚደረገው ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሰብሰብ፤ ትንፋሽ አለመያዝ፤ ቂጥና ጭን አለመጨመቅ፤ ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ይዞ ቀስ ብሎ መልቀቅ፤ ያንኑ ያህል ማረፍና ከ8 እስከ 12 ጊዜ መድገም። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። ሲያስሉና ዕቃ ሲያነሡ ደግሞ አስቀድሞ ጡንቻውን መሰብሰብ። ዕቃ አይገዛም፣ ልብስ አይወልቅም፣ ጀበናው እስኪፈላ ቁጭ ብሎ መሥራት ይቻላል።

ታዲያ ባለሙያ ለምን አስፈለገ? የሚል ይኖራል። በቃል ብቻ ሲነገራቸው ብዙ ሴቶች ተሳስተው ስለሚሠሩት ነው። ወደ ላይ መሰብሰብ ሲገባቸው እንደሚያምጥ ሰው ወደ ታች ይገፋሉ፤ ይህ ደግሞ ችግሩን ያብሰዋል። ሽንት እየሸኑ መሐል ላይ ማቋረጥን እንደ ልምምድ የሚይዙም አሉ፤ ጡንቻውን ለማወቅ አንድ ጊዜ ቢሞከር እንጂ የዘወትር ልማድ ሊሆን አይገባውም። ፊዚዮቴራፒስቱ ወይም የሠለጠነች አዋላጅ የምታየው ይህንን ነው፦ ትክክለኛው ጡንቻ ነው ወይ የሚሠራው? ምን ያህል ይይዛል? ወገቧን የሚያማት ከየት ተነሥቶ ነው? በኦፕራሲዮን የወለደችውስ ሆዷን ሳትወጥር በጎኗ ተገልብጣ መነሣት ችላለች? ይህ ሁሉ ከማሸት ጋር ምንም አያገናኘውም። እኛ አገር ግን ፊዚዮቴራፒ ሲባል የሚታየን እሽት ነው፤ ስለዚህም «ለሱማ ወጌሻ አለ» ይባላል። ወጌሻ የወለቀ ትከሻ መልሶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚያ ሌላ ጊዜ እንከራከር። የነፍሰ ጡርን ሆድ ማሸት ግን አደጋ ነው። ጽንሱን «ለማስተካከል» ተብሎ ሆድ ሲጫንና ሲገፋ የእንግዴ ልጅ ሊላቀቅ፣ ደም ሊፈስ ይችላል። ፊዚዮቴራፒ ቅንጦት ነው የሚሉን ሰዎች ይህንን ዝም ብለው ማለፋቸው ይገርመኛል።

ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው አስተሳሰብ ግን ሌላ ነው። «የገጠር ሴት ስፖርት አያስፈልጋትም፤ ኑሮዋ ራሱ ስፖርት ነው» ይባላል። ይህንን ከሹፌርም፣ ከመምህርም፣ ከጤና ባለሙያም ሰምቼዋለሁ። ሲሰሙት ሴቲቱን የሚያከብር ይመስላል። ጠንካራ ናት፣ አትታመምም፣ እንደ ከተማ ሴት አትሞላቀቅም ለማለት ነው። ሰኞ ገበያ ለመድረስ ከኩታበር በኩል ወይም ከጦሳ ተዳፋት እንጨት በጀርባዋ አዝላ የምትወርድን ሴት ያየ ሰው በርግጥም ሊደነቅ ይችላል። ነገር ግን ሸክምን ከሥልጠና ጋር አንድ ማድረግ ትልቅ ስሕተት ነው። ሥልጠና ልክ አለው፣ ዕረፍት አለው፣ ቀስ በቀስ ይጨምራል። ሸክም ልክ የለውም፤ የሚወስነው የቤቱ ጉድለት ነው። ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 25 ኪሎ ይመዝናል። ያንን ትንፋሽ ይዞ፣ ሆድ ወጥሮ፣ ገና ያልጠገገ አካል ላይ መጫን ከውስጥ ያለውን ግፊት ሁሉ ወደ ታች ይልከዋል። እዚያ ታች ያለው የላላ ጠፍር ነው።

ለዚህ ከሩቅ አገር ማስረጃ ማምጣት አያስፈልግም። በዚሁ በአማራ ክልል፣ በዳባት ወረዳ 395 ሴቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አለ። ሴቶቹ ሲመረመሩ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ 55 በመቶ ገደማ፣ ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ የሆነ የማሕፀን ወይም የአካባቢው አካል መንሸራተት ታየባቸው። ምልክት አለኝ ያሉት ግን ከመቶ 6 ገደማ ብቻ ነበሩ። ከችግሩ ጋር ተያይዘው ከተገኙት ነገሮች መካከል የተራዘመ ምጥ አንዱ ሲሆን፣ ሌላው በቀን አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ዕቃ መሸከም ነው። ዳባት ደጋ ናት፤ የሴቶቿ ኑሮ ከደላንታ ወይም ከኩታበር ሴቶች ኑሮ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ «ኑሮዋ ስፖርት ነው» የሚለው ሰው ይህንን ቁጥር የት ሊያደርገው ነው? ስፖርቱ ጤና ሰጥቷት ቢሆን ኖሮ ማሕፀኗ ቦታውን ባልለቀቀ ነበር።

እዚህ ላይ ላጋንን አልፈልግም። ሁለተኛ ደረጃ መንሸራተት ያለባት ሴት ሁሉ ታማሚ አይደለችም፤ ብዙዎቹ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ግን በ55ና በ6 መካከል ያለው ክፍተት በሙሉ «አልተሰማቸውም» በሚል አይሞላም። በክልላችን የማሕፀን መውጣት ያለባቸውን ሴቶች ቀርበው ያነጋገሩ ተመራማሪዎች የሰሙት ስለ ዕፍረትና ስለ መደበቅ ነው። ከባል የሚደብቁ አሉ፤ ከልጅ የሚደብቁ አሉ፤ ኀጢአት ሠርቼ ይሆናል ብለው የሚያስቡም አሉ። የማትናገር ሴት «ጠንካራ» ተብላ ትመዘገባለች። ጠንካራ ነች የሚለው ወሬ ደግሞ ተመልሶ ዝም ያሰኛታል።

ሌላው ሙግት የአራስነት ወግ ነው። አርባ ቀን ተኝታ፣ ገንፎዋን በቅቤ በልታ፣ ወገቧን በመቀነት ታስራ ከተነሣች ሌላ ምን ያስፈልጋታል ይባላል። ወጉን አልንቅም። እናት ልጇን ልትጠይቅ ስትመጣ፣ ጎረቤት አጥሚት ይዞ ሲገባ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲባል፣ አራሷ ብቻዋን እንዳልሆነች ታውቃለች፤ ብዙ የሠለጠኑ አገሮች ይህንን አጥተው አሁን በገንዘብ ሊገዙት ይሞክራሉ። ግን ወጉ ማድረግ የማይችለውን አድርጓል አንበል። መቀነት ለጊዜው ይደግፋል እንጂ ጡንቻን አያሠለጥንም፤ ከልክ በላይ ጠብቆ ሲታሰርማ ግፊቱን ወደ ታች ይገፋዋል። ቀኑን ሙሉ ጋደም ብሎ መዋልም ቢሆን፣ በተለይ በኦፕራሲዮን ለወለደች፣ ደም በእግር ሥር ውስጥ የመርጋቱን አደጋ ያመጣል፤ ሐኪሞች በማግስቱ ተነሥታ እንድትራመድ የሚገፋፏት ለዚህ ነው። ደግሞስ አርባውን ቀን የሚያርፈው ማን ነው? እናቷ በቅርብ ያለች፣ ሠራተኛ የቀጠረች፣ ባሏ ውኃ የሚቀዳላት። ቤት ተከራይታ ብቻዋን የምትኖር ሴት በሁለተኛው ሳምንት ጀሪካኗን ታነሣለች። ወጉ የሚጠብቃት ሴት ጥቂት ሆና ሳለ፣ ወጉ ስላለ ሕክምና አያስፈልግም ማለት ምን ዓይነት ሙግት ነው?

ወሎ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ የማይነሣ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ጸሎት። ሽንት የሚያመልጣት ሙስሊም ሴት ዉዱኤ ፈረሰ ወይ የሚል ጭንቀት በየሶላቱ ይገጥማታል። ሃይማኖቱ ለእንዲህ ዓይነቱ በሽተኛ ማቅለያ እንዳለው ብዙዎቹ የሚነግራቸው አያገኙም፤ ለመጠየቅም ያፍራሉ። ሱጁድ ስትወርድ የሚያመልጣት ሴት ከሰው ጋር መስገድ ትተዋለች። ክርስቲያኗም በሰሙነ ሕማማት ስግደት መሐል ያው ይደርስባታል፤ በዚህ ሁኔታ መቅደስ አልደፍርም ብላ ከቅጥር ውጭ ትቆማለች፤ ቆይታም መምጣቷን ታቆማለች። ሰዎች «ቀዘቀዘች» ይሏታል። የዱበርቲ ጸሎት ላይ ቁጭ ብለው ለወላድ የሚለምኑ እናቶችም ከመካከላቸው ስንቷ ለዚህ ብላ ጥግ ይዛ እንደምትቀመጥ ያውቁ ይሆን? ይህንን «ቀላል የወሊድ ነገር» የሚል ሰው፣ ከማኅበርና ከእምነት መለየትን ቀላል የሚል ሰው ነው።

አሁን ወደ ጠንካራው ተቃውሞ ልምጣ። ይህንን የሚያነሡት አላዋቂዎች አይደሉም፤ በጤናው ዘርፍ ለዓመታት የደከሙ፣ አክብሮት የሚገባቸው ሰዎች ናቸው። «እናቶች እየሞቱ ስለ ወገብ ሕመም ማውራት ቅደም ተከተል ማጣት ነው፤ መጀመሪያ ሞቱን እንቀንስ» ይላሉ። ሥራቸው ይመሰክርላቸዋል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 ሕያው ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በ2019 ደግሞ በጤና ተቋም የሚወልዱት 48 በመቶ ደረሱ። የወላድ አንድ እግሯ መቃብር ላይ ነው በሚባልበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን ያው የ2019ኙ ጥናት ሌላም ቁጥር ይዟል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ የታዩት እናቶች 34 በመቶ ብቻ ነበሩ። እግሯን ከመቃብር አውጥተን እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ትተናት ሄደናል። ከዚህም በላይ «መጀመሪያ ይሄ፣ ከዚያ ያ» የሚለው ቅደም ተከተል በተግባር እንደማይሠራ ከማንም በፊት ያሳዩን የፊስቱላ ሐኪሞች ናቸው። ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ሲከፍቱ የገጠማቸው የተቀደደ ፊኛ ብቻ አልነበረም። ለቀናት ያማጡ ሴቶች ጽንሱ ነርቫቸውን ተጭኖት እግራቸው ተንጠልጥሎ ይመጡ ነበር፤ ለወራት ሽንታቸው እንዲቆም እግራቸውን አጥፈው ከመተኛታቸው ብዛት ጉልበታቸው ታጥፎ የቀረም ነበሩ። እነዚህን ሴቶች በቀዶ ሕክምና ብቻ መልሶ ማቆም አይቻልም። ፊዚዮቴራፒ በዚያ ሆስፒታል የሕክምናው አካል የሆነው ለዚህ ነው። ቀዳዳው ተዘግቶም ሽንት መቆጣጠር የሚያቅታቸው አሉና፣ የዳሌ ወለል ሥልጠና ለእነሱም ያስፈልጋል። እጅግ የከፋው ጉዳት ላይ አስፈላጊነቱ ካላጠራጠረ፣ ቀለል ሲል፣ ገና ሊመለስ በሚችልበት ሰዓት ለምን ቅንጦት ይሆናል?

ይህን ስል ግን አንድ ነገር እንዳይደባለቅ። ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንቷ ሌትና ቀን፣ ሳታስልም ሳታስነጥስም የሚፈስባት ሴት ፊስቱላ ሊኖርባት ይችላልና ወደ ሆስፒታል ነው የምትሄደው፤ ስፖርት ቀዳዳ አይዘጋም። ማሕፀኗ ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ የወጣባትም የቀለበት ድጋፍ ወይም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። ፊዚዮቴራፒ ሁሉን ያድናል እያሉ የሚሰብኩ አንዳንድ የማኅበራዊ ሚዲያ አሠልጣኞች ጥቅሙን ፈጽሞ ከሚክዱት ሰዎች የተሻሉ አይደሉም። በሁለት ሳምንት ቦርጭ ማጥፊያ ብለው ቀበቶ የሚሸጡትንማ ተዉአቸው።

ውጤቱን በተመለከተ ማስረጃው ምን ይላል? ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግም ተቋም እንደደረሰበት፣ ሽንት የማያመልጣቸው ነፍሰ ጡሮች ሥልጠናውን በእርግዝና ጊዜ ሲጀምሩ በእርግዝናው መጨረሻ የማምለጡ ዕድል በ62 በመቶ፣ ከወሊድ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ ደግሞ በ29 በመቶ ይቀንሳል። ሲያስሉና ዕቃ ሲያነሡ ሽንት ከሚያመልጣቸው ሴቶች መካከል ደግሞ ከሠለጠኑት 56 በመቶው ድነናል ሲሉ፣ ካልሠለጠኑት ይህን ያሉት 6 በመቶ ብቻ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ልዩነት የሚያመጣ ክኒን ቢኖር መድኃኒት ቤቶች በር ላይ ሰልፍ እናይ ነበር።

ተቃዋሚዎቼ አንድ ሰነድ እንደሚመዝዙብኝ አውቃለሁ፤ ከእነሱ ቀድሜ እኔው ልምዘዘው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የድኅረ ወሊድ መመሪያ፣ ይህንን ሥልጠና ሽንትና ሰገራ ማምለጥን ለመከላከል ተብሎ ከወሊድ በኋላ በመደበኛነት ለእናቶች ማስጀመርን አልመከረም። ይህ ማለት ግን «ተዉት» ማለት አይደለም። በጅምላ፣ ዘግይቶና ሳይለይ የሚሰጥ ነገር ጥቅሙ አልታየም ማለት ነው። ከዚያ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው፦ በእርግዝና ጊዜ ቀድሞ መጀመር፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ ችግሩ ያለባትን ፈልጎ ማግኘት። ያው ድርጅት በ2016ቱ የእርግዝና ክትትል መመሪያው ለወገብና ለዳሌ ሕመም መከላከያ በእርግዝና ዘመን ሁሉ የአካል እንቅስቃሴን መክሯል፤ ፊዚዮቴራፒንም ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎ ዘርዝሯል። በ2020 ደግሞ ሌላ የሚከለክል ችግር ለሌለባቸው ነፍሰ ጡሮችና አራሶች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ብሏል። ደም መፍሰስ፣ የእንሽርት ውኃ መፍሰስ፣ ማዞር ወይም ከባድ ራስ ምታት ሲኖር ወዲያው አቁሞ መመርመር ይገባል። እንግዲህ «እርጉዝ ናት፣ አትንቀሳቀስ» የሚለው የከተማው ምክርም «ኑሮዋ ስፖርት ነው» ከሚለው ጋር አብሮ ይወድቃል። ደሴ ላይ እነዚህን ሁለት ምክሮች አንዱ ሰው በአንድ ቀን፣ አንዱን ለሚስቱ፣ ሌላውን ለቤት ሠራተኛው ሲሰጥ መስማት ብርቅ አይደለም።

ቅንጦት ነው ለሚሉት የፈረንሳይ ነገር ይነገራቸው። እዚያ አገር ከወሊድ በኋላ አሥር ጊዜ ያህል የዚህ ሥልጠና ክፍለ ጊዜ ከሕዝብ መድን ይከፈላል። ፈረንሳይ ሀብታም ስለሆነች ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የሚከፍሉት ከርኅራኄ ብቻ አይመስለኝም፤ ኋላ የሚመጣው ቀዶ ሕክምና፣ የዕድሜ ልክ ፓድ፣ ከሥራ መቅረት ምን ያህል እንደሚያስወጣ ያውቁታል። እኛም እንከፍላለን፤ የምንከፍለው ግን በሴቲቱ ኪስና በሴቲቱ ዝምታ ስለሆነ በየትኛውም በጀት ላይ አይታይም።

ሂሳቡ በደንብ የሚታየው የሃረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ነው። በደርግ ዘመን ከተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንሥቶ በ2009 ዓ.ም. እስከተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ድረስ፣ ከተማዋ ብዙ ወጣት ሴቶችን ማሽን ፊት ታሰልፋለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ሰጥቷል። ጥሩ ሕግ ነው። በዘጠና አንደኛው ቀን ግን ሴቲቱ ስፌት ማሽን ላይ አቀርቅራ ወይም መስመር ላይ ቆማ ልትውል ነው። ጡንቻዋ ዝግጁ መሆን አለመሆኑን የጠየቃት ሰው የለም። በየሰዓቱ ሽንት ቤት የምትመላለስ ሠራተኛ ሰነፍ ትባላለች፤ ላለመመላለስ ብላ ውኃ የማትጠጣ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ትጋብዛለች። ሕጉ ለእርግዝና ምርመራ ደመወዝ ሳይቆረጥባት እንድትሄድ ይፈቅድላታል። ያንን ፈቃድ ከወሊድ በኋላ ላለ ክትትልም ማስፋትና በየፋብሪካው ክሊኒክ ያለችን ነርስ ለጥቂት ቀናት ማሠልጠን አሠሪን የሚያከስር ነገር አይደለም። የሠለጠነች ሠራተኛ ሥራ ለቃ ስትሄድ ነው የሚከስረው።

ባለሙያ የለም ይባላል፤ እውነት አለው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ ሲያስመርቅ ዓመታት ቢቆጠሩም በአገሪቱ ያሉት ገና ጥቂት ናቸው፤ ካሉትም ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። የወሎ ሴት፣ ሙስሊምም ሆነች ክርስቲያን፣ ለወንድ ባለሙያ ስለዚህ አካሏ ማውራት እንደሚከብዳት መካድ የለበትም። ስለዚህ ሁሉን በፊዚዮቴራፒስት እጅ ብቻ ማስቀመጥ የሚፈልጉ ባለሙያዎች ላይም ቅሬታ አለኝ። አዋላጅ ነርሷ ሴቲቱን ስታምጥ አይታታለች፤ ከዚያ በኋላ የሚታፈር ነገር የለም። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ያሉ፣ ሴቶችና የመንደሩን ቋንቋ የሚናገሩ ናቸው። የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ አለ፤ በጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ውስጥ ምጣቸውን እየጠበቁ ሥራ ፈተው የሚቀመጡ ሴቶች አሉ። ሥልጠናውን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል? ከባዱን ጉዳይ ለፊዚዮቴራፒስቱ ይላኩለት፤ ጊዜውም ለዚያ ይበቃዋል።

ደግሞም ሴቲቱን የምናገኝበት ቀን ጠፍቶን አይደለም። ለራሷ ባትመጣም ለልጇ ትመጣለች። በ45ኛው ቀን ሕፃኑን አቅፋ ለክትባት ትሰለፋለች፤ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ትመለሳለች። ሕፃኑ ይመዘናል፣ ይወጋል፣ ካርዱ ይሞላል። እሷን ግን ስለ ወሊድ መከላከያ ካልሆነ በስተቀር ስለ አካሏ የሚጠይቃት የለም። «ስታስይ ወይም ዕቃ ስታነሺ ሽንት ያመልጥሻል? ከታች የሚወርድ ነገር ይሰማሻል?» ብሎ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። «አዎ ብትልስ፣ የምንልክበት ቦታ የለንም» የሚል መልስ ከጤና ጣቢያዎች እንደሚመጣ እጠብቃለሁ። ቦታው የማይከፈተው ግን ማንም ስላልጠየቃት ነው። የዞኑ ጤና መምሪያም ሆነ ሆስፒታሉ ለአንድ የሴቶች ፊዚዮቴራፒ ክፍል በጀት ሲጠይቅ «ስንት ታካሚ አላችሁ?» መባሉ አይቀርም፤ የክትባት ነርሶቹ ጥያቄውን ጠይቀው መልሱን እስካልመዘገቡ ድረስ የሚጽፈው ቁጥር ዜሮ ነው።